ሊንክ ከማሳደጋችሁ በፊት፦ ትራፊክን የማከፋፈልና አቅም የመመደብ አሠራር

አንድ ሊንክ (ሁለት ራውተሮችን የሚያገናኝ መስመር) ሲሞላ ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምንለው «ይሳደግ» ነው። ማሳደግ ግን ገንዘብ ይበላል፣ ወራትም ይፈጃል። ብዙ ጊዜ ደግሞ የሞላው ሊንክ አጠገብ ሌላው ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ትራፊኩ በዚያ የማያልፈው ቦታ ጠፍቶ ሳይሆን ራውተሮቹ «በዚያ ሂዱ» ስላልተባሉ ነው። ደግሞ የትኛውም ራውቲንግ የማያድነው ሊንክ አለ። እሱ ላይ ኮስት (ለሊንኩ የሚሰጥ ቁጥር፤ ራውተሮች ድምሩ ያነሰውን መንገድ ይመርጣሉ) ሲቀያይሩ መክረም ልፋት ብቻ ነው። ዋናው ሥራ ሁለቱን መለየት ነው፤ የሚለዩትም ሁሉ ሰላም በሆነበት ቀን የተነሳውን ግራፍ በማየት ሳይሆን አንድ ሊንክ የተቆረጠ ዕለት ምን እንደሚፈጠር አስቀድሞ በማስላት ነው።

ኦኤስፒኤፍ ወይም አይኤስ-አይኤስ (ራውተሮች በኮስት አጭሩን መንገድ የሚያሰሉባቸው ፕሮቶኮሎች) የሚሠራበት የአይፒ ኔትወርክ እንዳላችሁ አስቤ ነው የምጽፈው። ኔትወርኩ ትንሽ ከሆነ ወረቀትና ኤክሴል ይበቃችኋል።

1. መጀመሪያ ቆጣሪውን ፈትሹ

አንድ ጊዜ የሠራሁበት ቦታ 1 ጊጋ (በሰከንድ 1 ጊጋቢት) የሆነ ሊንክ ነበር። ደንበኞች ማታ ማታ ኔትወርኩ ይንቀራፈፋል እያሉ ይደውላሉ፣ ግራፉ ግን ከ115 ሜጋ አልፎ አያውቅም። ሦስት ቀን ሙሉ ኬብል ስንቀይር፣ ሞጁል ስንነቅልና ስንሰካ ቆየን። ለካ ችግሩ ቆጣሪው ላይ ነበር። በኤስኤንኤምፒ (የመሣሪያዎችን ቆጣሪ ከሩቅ ማንበቢያ ፕሮቶኮል) በየ5 ደቂቃው የምናነበው ባለ 32 ቢት ካውንተር ነው። ይህ ካውንተር 4.29 ቢሊዮን ባይት ገደማ ሲደርስ ከዜሮ ይጀምራል። በቢት 34 ጊጋቢት ማለት ነው። ሙሉ 1 ጊጋ በሚያልፍበት ሊንክ ላይ በየ34 ሰከንዱ ይዞራል፣ በ5 ደቂቃ ውስጥ ደግሞ 8 ጊዜ፤ እኛ የምናየው ከዞረ በኋላ የተረፈችውን ቁራጭ ብቻ ነው። 34 ጊጋቢትን ለ300 ሰከንድ ብታካፍሉ 115 ሜጋ ገደማ ይመጣል። ግራፉ ቢፈልግ እንኳ ከዚያ በላይ ማሳየት አይችልም ነበር።

ስለዚህ በስማቸው ውስጥ «ኤችሲ» የሚል ያለባቸውን ባለ 64 ቢት ካውንተሮች አንብቡ። ለዚህ የኤስኤንኤምፒ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቨርዥን ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያው አያውቃቸውም።

ሌላው ወጥመድ 95ኛው ፐርሰንታይል የሚባለው ነው። ሂሳብ ለማስከፈል የተለመደ ልኬት ስለሆነ ሰው ለዕቅድም ይጠቀምበታል። እስቲ አስሉት፦ በ30 ቀን ውስጥ 8,640 የ5 ደቂቃ ንባቦች አሉ። ከላይ 5 በመቶውን ስንጥል 432 ንባብ ጣልን፣ ይህም 36 ሰዓት ነው። በቀን ሲካፈል 1 ሰዓት ከ12 ደቂቃ። ይህቺ ደግሞ ሰው ሁሉ አንድ ላይ ኔትወርኩ ላይ የሚወጣባት ሰዓት ልትሆን ትችላለች! ለዕቅድ በጣም የተጨናነቀችውን ሰዓት ራሷን ያዙ።

2. ከየት ወደ የት እንደሚሄድ እወቁ

የሊንክ ግራፍ ስንት እንዳለፈ ይነግራችኋል፤ ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ አይነግራችሁም። መንገድ ለመቀየር የሚያስፈልገው ሁለተኛው ነው። ትራፊክ ማትሪክስ ይባላል፦ በረድፍ መነሻው፣ በዓምድ መድረሻው፣ በሳጥኑ ውስጥ መጠኑ።

ኔትፍሎው ወይም አይፒፊክስ (ራውተሩ የሚያልፈውን ትራፊክ ከነመነሻና መድረሻው የሚመዘግብባቸው) ካላችሁ ከዚያ አውጡት። የኤምፒኤልኤስ ተነል (ከመነሻ ራውተር እስከ መድረሻ ራውተር አስቀድሞ የተሰመረ መንገድ) ካላችሁ የየተነሉ ካውንተር ራሱ ማትሪክሱ ነው፣ ዕድለኞች ናችሁ። ሁለቱም ከሌሉ የግራቪቲ ግምት አለ፦ ከመነሻው የሚወጣውን ጠቅላላ ወደ መድረሻው በሚገባው ጠቅላላ አባዙ፣ ከዚያ በኔትወርኩ ጠቅላላ ትራፊክ አካፍሉ።

እስከ መጨረሻው የምንጠቀምበትን ምሳሌ እዚሁ ላስቀምጥ። አራት ራውተሮች አሉን፦ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። ሊንኮቹ ሀ–ለ፣ ሀ–ሐ፣ ለ–ሐ፣ ለ–መ፣ ሐ–መ ናቸው፣ ሁሉም 10 ጊጋ። በተጨናነቀችው ሰዓት ያለው የአንድ አቅጣጫ ትራፊክ እንዲህ ነው፦

ከሀ ወደ መ 6 ጊጋ
ከሀ ወደ ለ 3 ጊጋ
ከሀ ወደ ሐ 1 ጊጋ
ከለ ወደ መ 2 ጊጋ

ጠቅላላው 12 ነው። ከሀ የሚወጣው 10፣ ወደ መ የሚገባው 8። የግራቪቲ ግምት ከሀ ወደ መ ላለው 10 ሲባዛ በ8፣ ሲካፈል ለ12፣ ማለትም 6.7 ይሰጣል። እውነተኛው 6 ስለሆነ መጥፎ አይደለም። ከለ ወደ መ ግን 1.3 ይላል፤ እውነተኛው 2 ነው። አያችሁ፣ ትልልቁን ደህና ይገምታል፣ ትንንሹ ላይ ይሳሳታል። ግምቱን ይዛችሁ የሊንኮቹን ትክክለኛ ንባብ እስኪገጥም ድረስ አስተካክሉት እንጂ እንዳለ አትመኑት።

3. ካርታውን በአፈሩ በኩል ሳሉት

ዲያግራም ላይ ሁለት የተለያየ መስመር የሚመስል ነገር መሬት ውስጥ አንድ ቱቦ ሊሆን ይችላል። ይህን በራሴ ላይ አይቻለሁ። ሁለት ሊንክ ነበሩን፣ አንዱ ለሌላው መጠባበቂያ። ከሁለት የተለያየ ማንሆል ተነስተው መሃል ላይ በአንድ ድልድይ ሥር ያልፋሉ። አንድ ኤክስካቫተር ሁለቱንም በአንድ ጊዜ በጠሳቸው። በሰነድ ላይ ሁለት መስመር ነበረን፣ በተግባር አንድ።

ለእያንዳንዱ ሊንክ የሚያልፍበትን ቱቦ፣ ድልድይና ሕንፃ፣ የሚጋራውንም የኤሌክትሪክ ምንጭ ጻፉ። አብረው የሚጠፉትን ሊንኮች እንደ አንድ ብልሽት ቁጠሯቸው። አሰልቺ ሥራ ነው፣ ሄዶ መጠየቅና ማየት ይፈልጋል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከዚህ ሁሉ ደረጃ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፣ ዋጋ የሚያስከፍለውም ይኸው ነው።

4. አሁን ያለውን ጫና አስሉ

በምሳሌያችን የሁሉም ሊንክ ኮስት 10 ነው፤ ሀ–ሐ ብቻ 15፣ የሆነ ሰው የሆነ ጊዜ አስገብቶት የተረሳ ቁጥር። ከሀ ወደ መ በለ በኩል 20፣ በሐ በኩል 25 ነው። ስለዚህ 6ቱም ጊጋ በለ ይሄዳል። ውጤቱ፦ ሀ–ለ 9 ጊጋ፣ ማለትም 90 በመቶ። ለ–መ 80 በመቶ። ሀ–ሐ 10 በመቶ። ሐ–መ ባዶ።

90 በመቶ ለምን ያስፈራል? አሁንም 10 በመቶ አለን አይደል? ቀላሉ የወረፋ ቀመር መልሱን ይሰጣል። ፓኬት ሊንኩ ላይ የሚቆይበት ጊዜ 1 ሲካፈል ለ«1 ሲቀነስ ጫና» ያህል ያድጋል። በ50 በመቶ 2 እጥፍ፣ በ80 በመቶ 5 እጥፍ፣ በ90 በመቶ 10 እጥፍ፣ በ95 በመቶ 20 እጥፍ። እውነተኛ ትራፊክ ቀመሩን አጥብቆ አይከተልም፣ የጉዳዩ መልክ ግን ይኸው ነው፦ ለረጅም ጊዜ ምንም አይሰማችሁም፣ ከዚያ በድንገት ሁሉም ነገር ይቆማል። እኔ በብልሽት ቀንም ቢሆን 80 በመቶን ጣሪያ አድርጌ እይዛለሁ።

ኮስቶቹን ስታዩ አንድ ነገር ልብ በሉ። በብዙ ራውተሮች ላይ ኦኤስፒኤፍ ኮስትን የሚያወጣው 100 ሜጋን ለሊንኩ ፍጥነት በማካፈል ነው። ከ1 በታች የለም። ስለዚህ ካልነካችሁት 100 ሜጋም፣ 1 ጊጋም፣ 10 ጊጋም ሁሉም ኮስታቸው 1 ነው፤ ራውተሩ የትኛው ሰፊ እንደሆነ አያይም። የማመሳከሪያውን ፍጥነት ከፍ አድርጉት፣ በሁሉም ራውተሮች ላይ አንድ ዓይነት።

5. ኮስት ከመንካታችሁ በፊት ቆርጣችሁ ቁጠሩ

ይህ ብዙ ጊዜ የሚያድን ትንሽ ስሌት ነው። በአንድ ራውተር ዙሪያ ክብ ሳሉ። ክቡን የሚያቋርጠውን ትራፊክ ደምሩ፣ የሚያቋርጡትን ሊንኮች አቅም ደምሩ፣ አካፍሉ። ከሀ የሚወጣው 10 ጊጋ፣ የሚወጣበት ሁለት ሊንክ 20 ጊጋ። 50 በመቶ። በዓለም ላይ ያለ ምርጥ ራውቲንግ እንኳ ከሀ ከሚወጡት ሊንኮች የባሰውን ከ50 በመቶ በታች ሊያወርደው አይችልም። አሁን 90 ላይ ነን፤ ስለዚህ በነፃ የሚገኝ ብዙ ነገር አለ።

አሁን ደግሞ ሀ–ለን በሐሳብ ቁረጡት። 10 ጊጋ ትራፊክ፣ የቀረው ሊንክ 10 ጊጋ። 100 በመቶ። እዚህ ኮስት መቀየር ምንም አይፈይድም። ሀ ላይ ተጨማሪ አቅም የግድ ነው። በሁለት መስመር ስሌት መልሳችሁን አገኛችሁ፦ ዛሬ ራውቲንግ ያስተካክለዋል፣ ለብልሽት ቀን ግን ግዢ ያስፈልጋል።

6. ኮስቱን አስተካክሉ

ሀ–ሐን ከ15 ወደ 10 መልሱት። አሁን ከሀ ወደ መ ሁለቱም መንገድ 20 ነው፣ ራውተሩም ትራፊኩን ለሁለት ይከፍለዋል። ሀ–ለ 6፣ ሀ–ሐ 4፣ ለ–መ 5፣ ሐ–መ 3 ጊጋ። የባሰው ሊንክ ከ90 ወደ 60 በመቶ ወረደ። በአንድ ቁጥር።

50 ላይ ለመድረስ ከ6ቱ ጊጋ 4ቱን በሐ፣ 2ቱን በለ መላክ ነበረብን። እኩል ኮስት ግን የሚያውቀው እኩል መክፈልን ነው። ያን ከፈለጋችሁ የኤምፒኤልኤስ ተነል ወይም ሴግመንት ራውቲንግ (መነሻው ራውተር መንገዱን ፓኬቱ ላይ ጽፎ የሚልክበት አሠራር) ያስፈልጋል። ለ10 በመቶ ልዩነት ያን ሁሉ ውስብስብ ነገር አስገቡ አልልም። ተነል ካስገባችሁ ደግሞ በአርኤስቪፒ (ለተነል አቅም ማስያዣ ፕሮቶኮል) የተያዘው ባንድዊድዝ በወረቀት ላይ ያለ ሂሳብ መሆኑን እወቁ፤ 2 ጊጋ የያዘ ተነል 5 ጊጋ ከመላክ በራሱ አይታገድም።

እኩል መክፈል የሚባለውም ቢሆን በፓኬት ሳይሆን በፍሰት ነው። ራውተሩ የላኪና የተቀባይ አድራሻን፣ ፖርቶቹንና ፕሮቶኮሉን አንድ ላይ ሃሽ አድርጎ (ወደ አንድ ቁጥር ቀይሮ) መንገድ ይመርጣል፤ እነዚህ አንድ የሆኑላቸው ፓኬቶች አንድ ፍሰት ናቸው። ሺዎች ፍሰቶች ካሉ ክፍፍሉ ጥሩ ይወጣል። አንድ ትልቅ የተመሰጠረ ተነል ብቻውን 3 ጊጋ የሚጭን ከሆነ ግን በሙሉ በአንዱ በኩል ይሄዳል።

ሊንኩ ብዙ ከሆነ በእጅ አይቻልም። «የትኛውም ሊንክ ከዚህ በመቶኛ አይለፍ፣ ያንን በመቶኛ አሳንስልኝ» የሚለውን እንደ ሊኒየር ፕሮግራም (ምርጡን መልስ የሚፈልግ የቀመሮች ስብስብ) ጽፋችሁ ጂኤልፒኬን ለመሰለ ነፃ ሶልቨር ስጡት። የሚወጣው ቁጥር የባሰውን ሊንክ ልታወርዱበት የምትችሉት ዝቅተኛው ጫና ነው። ትክክለኛ ኮስቶችን መፈለግ ግን ሌላ፣ በጣም ከባድ ችግር ነው፤ ትልቅ ኔትወርክ ላይ ምርጡን አገኘሁ ማለት አይቻልም። ፎርትዝ እና ቶሩፕ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳዩት አካሄድ እስካሁን ጥሩ መነሻ ነው፦ ለእያንዳንዱ ሊንክ ቅጣት ስጡ፣ ቅጣቱ እስከ 1/3 ጫና በ1፣ እስከ 2/3 በ3፣ እስከ 90 በመቶ በ10፣ እስከ 100 በመቶ በ70 ፍጥነት ይደግ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ በመቶዎችና በሺዎች። ከዚያ አንድ ኮስት ቀይሩ፣ ጠቅላላ ቅጣቱ ከቀነሰ ያዙት፣ ካልቀነሰ መልሱት። ደጋግማችሁ።

ትርፍ አቅም ፍለጋ ትራፊኩን ዓለምን አታዙሩት። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በአንድ ሚሊሰከንድ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። 1,000 ኪሎ ሜትር ዙር በአንድ አቅጣጫ 5 ሚሊሰከንድ ነው፤ ለቪዲዮ ምንም አይደለም፣ ለአንዳንድ አገልግሎት ግን ይሰማል።

አንድ ፈተና ደግሞ አለ፦ «ኮስቱ በጫናው ልክ ራሱ ይቀያየር።» የኢንተርኔት ቀዳሚ በሆነው አርፓኔት ላይ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1979 የገባው በመዘግየት ላይ የተመሠረተ ኮስት ጫና ሲበዛ ትራፊኩን ከአንዱ ሊንክ ወደ ሌላው ያንገላታው ነበር፤ አንዱ ሲሞላ ሁሉም ወደ ሌላው ይሸሻል፣ ያኛው ሲሞላ ሁሉም ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1987 መለወጥ ግድ ሆነ። እናንተ ኮስቱን አስልታችሁ አስቀምጡት፣ ይቀመጥ።

7. ብልሽቶቹን አንድ በአንድ ቁረጡ

ወደ ግዢው እንመለስ። ሀ ላይ 100 በመቶ የሚደርስ ብልሽት አለን። የመጀመሪያው ሐሳብ ሁለቱንም ሊንክ ወደ 20 ጊጋ ማሳደግ ነው። ሌላው ሀን በቀጥታ ከመ ጋር የሚያገናኝ ሦስተኛ መንገድ፣ 10 ጊጋ። ሁለተኛው ለምን እንደሚሻል ተመልከቱ። ሁለት መንገድ ብቻ ካላችሁ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ሁሉን መሸከም አለበት፣ ስለዚህ ግማሹ አቅም ሁልጊዜ ባዶ ይቀመጣል። ሦስት ከሆኑ የጠፋውን ሁለቱ ይካፈሉታል፣ ባዶ የሚቀመጠው ሲሶው ነው። በእርግጥ ሦስተኛው መንገድ በእውነት የተለየ ቱቦ ውስጥ ማለፍ አለበት። ደረጃ 3ን የሠራችሁት ለዚህ ነው።

ሀ–መን በኮስት 10 ጨምሩና እያንዳንዱን ሊንክ እየቆረጣችሁ አስሉ። ሁሉም ደህና ሲሆን 6ቱ ጊጋ በቀጥታ ይሄዳል፣ የባሰው 60 በመቶ። ሀ–መ ሲቆረጥ 6ቱ ለሁለት ይከፈላል፣ የባሰው 60። ለ–መ ሲቆረጥ 2ቱ ጊጋ በሀ እና በሐ ይከፈላል፣ ሀ–መ 70 ይሆናል። ሀ–ሐ ሲቆረጥ 65። ሀ–ለ ሲቆረጥ ወደ ለ የሚሄደው 3 ጊጋ ግማሹ በሐ፣ ግማሹ በመ ዞሮ ይመጣል፣ ሀ–መ 75 ላይ ይደርሳል። የባሰው ቀን 75 በመቶ ነው። ከጣሪያችን በታች ነን። ተመላሹን አቅጣጫም በራሱ ማትሪክስ እንዲሁ አስሉት።

የድምፅ ጥሪ ቻናሎች ላላችሁ አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ አትከፋፍሏቸው። በኤርላንግ ቢ (ስንት ጥሪ ቻናል አጥቶ እንደሚወድቅ በሚያሰላው) ቀመር 2 ኤርላንግ ትራፊክ፣ ማለትም በአማካይ አንድ ላይ 2 ጥሪ፣ ለ6 ቻናል ብትሰጡት 1.2 በመቶ ጥሪ ይወድቃል። ሁለት እንዲህ ያለ ቡድን 12 ቻናል ይፈጃል። ሁለቱን አንድ አድርጋችሁ 4 ኤርላንግ ለ10 ቻናል ብትሰጡ የሚወድቀው 0.5 በመቶ ብቻ ነው። ሁለት ቻናል ቀነሰ፣ ጥራቱም ተሻለ።

8. አዲሱ ሊንክ እስኪመጣ የሚጎድለውን አካፍሉ

ሊንኩ እስኪመጣ ወራት አሉ። በዚህ መሃል ብልሽት ቢመጣ ማን ይጎዳ? ይህን ወረፋው በዘፈቀደ እንዲወስን አትተዉት። የድምፅና የቁጥጥር ትራፊክ ቅድሚያ ይኑረው፣ ግን በገደብ፤ ገደብ የሌለው ቅድሚያ ሌላውን ያስርባል። የቀረውን በማክስ-ሚን ፍትሐዊነት አካፍሉ። ለምሳሌ ሦስት አገልግሎቶች 2፣ 4 እና 7 ጊጋ ይፈልጋሉ፣ ያላችሁ 10 ነው። እኩል ድርሻ 3.3 ነው። የ2ቱ ፍላጎት ተሟላ፣ 8 ቀረ። ለሁለቱ 4፣ 4 ደረሳቸው። 4 የፈለገው ሙሉ አገኘ፣ 7 የፈለገው 4 ይዞ ይጠብቃል። ትንሽ የጠየቀ በትልቁ ምክንያት አይቀጣም።

9. ወደ ኔትወርኩ አስገቡት

ትራፊክ ዝቅ ባለበት ሰዓት፣ አንድ ኮስት በአንድ ጊዜ። የድሮውን ቁጥር ጽፋችሁ ያዙ፣ መመለሻው ትዕዛዝ ተዘጋጅቶ ይቀመጥ። ራውተሮች አዲሱን ኮስት እኩል ሰዓት ላይ ስለማይተገብሩት ለአፍታ ፓኬት በሁለት ራውተር መሃል ሊንገላታ ይችላል፤ ብዙ ለውጥ በአንዴ ካደረጋችሁ ይህ ይባዛል። ኮስት በየጫፉ ለሚወጣው አቅጣጫ የሚሰጥ ስለሆነ ሆን ብላችሁ አስልታችሁት ካልሆነ አንዱን ጫፍ ብቻ ቀይራችሁ እንዳትወጡ።

ቢጂፒ (ከሌሎች ኔትወርኮች ጋር መንገድ መለዋወጫ ፕሮቶኮል) ካላችሁ በተለይ ተጠንቀቁ። ሁለት መውጫ ያለው መድረሻ ሲኖር ራውተሩ ብዙ ጊዜ የሚመርጠው በውስጥ ኮስት የሚቀርበውን ነው። እናንተ የውስጡን ኮስት ስትነኩ ትራፊኩ በሌላ መውጫ ሊወጣ ይችላል። ያኔ የሚቀየረው መንገዱ ብቻ አይደለም፣ ማትሪክሱ ራሱ ነው። በስሌታችሁ ውስጥ የማይታይ ነገር ድንገት ጎረቤት ሊንክ ላይ ይወድቃል።

ከዚያ አወዳድሩ። ስሌቱ ሀ–ለ 6 ይሆናል ካለና ንባቡ 7.2 ከሆነ ወይ ሃሹ እኩል አልከፈለም፣ ወይ ማትሪክሱ ተሳስቷል። ሳታጣሩ ወደሚቀጥለው አትለፉ።

10. ቀኑን አስሉ

በዓመት 30 በመቶ የሚያድግ ትራፊክ ይኑራችሁ እንበል። በባሰው ቀን 75 በመቶ ላይ ያለው ሀ–መ 80 የሚደርሰው በ3 ወር ገደማ ነው። 3 ወር! ሊንኩን ገና ሳንመርቀው ሌላ መጠየቅ ሊኖርብን ነው።

ወደዚያ ከመሄዳችሁ በፊት ያቺን የባሰች ቀን ጎንበስ ብላችሁ እዩዋት። 75ን ያመጣው ሀ–ለ ሲቆረጥ ወደ ለ የሚሄደው ትራፊክ ግማሹ በመ ስለሚዞር ነው። ከመ ወደ ለ ያለውን አቅጣጫ ብቻ ከ10 ወደ 11 አድርጉት። አሁን በሐ በኩል 20፣ በመ በኩል 21 ነው፤ 3ቱም ጊጋ ባዶ ሊባል በሚችለው በሐ ይዞራል። ሀ–መ 60 ላይ ይቀራል፣ የባሰው ብልሽት ለ–መ ሲቆረጥ ያለው 70 ይሆናል። ከ70 ወደ 80 ለመድረስ በዚያው ዕድገት 6 ወር ይፈጃል። አንድ ቁጥር በአንድ ስለጨመረች 3 ወር ተጨማሪ ጊዜ ተገኘ፤ የግዢ ጥያቄውን የምታስገቡበትን ቀን ከዚያ ወደ ኋላ ቆጥራችሁ ጻፉት።